በጥቅሉ መካከል የተገኙ ሦስት ብሮች፤ ስለ ማርያ ቴሬዛ ብርና ስለ ተቀባዩ ፍርሃት

ስለ ማርያ ቴሬዛ ብር ብዙ ተጽፏል። በየትኛው ወደብ እንደ ገባ፣ ከአሞሌ ጨው ጋር እንዴት እንደ ተመነዘረ፣ ነገሥታቱም በራሳቸው ገንዘብ ሊተኩት ምን ያህል እንደ ደከሙ፣ ታሪክ የሚማር ሁሉ ከመምህራኑ ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ከዚያ ያነሰ ነው። አንድ ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ብር ተቀብሎ ቤቱ ገብቶ ሲፈታው፣ ከመካከሉ የማይፈልገውን ቢያገኝ ምን ይሆን ነበር? የማይፈለገውስ ብር የትኛው ነበር? ጥያቄው የመጣብኝ ከመጻሕፍት ሳይሆን ከገዛ ቤተ ሰባችን ነውና ከዚያው እጀምራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አያቴ ባለፈው ዓመት በምሥራቅ ጎጃም ካረፉ በኋላ፣ የዐርባው ተዝካር እንዳለፈ ሣጥናቸው በሽማግሎች ፊት ተከፈተ። ከነጠላና ከአሮጌ የግብር ደረሰኝ በታች ሦስት ጥቅሎች ተገኙ። እያንዳንዱ ጥቅል 20 ጠገራ ብር የያዘ ሲሆን ብሮቹ እርስ በርስ ተደራርበው በጨርቅ ተጠቅልለው በክር ታስረዋል። አያቴ እነዚህን ጥቅሎች ከባላቸው እናት እንደ ተረከቡና አንድ ቀንም እንዳልፈቷቸው በቤተ ሰቡ ዘንድ ይነገር ነበር። ሁለቱ ጥቅሎች ሲፈቱ ብሮቹ ጠቆር ከማለታቸው በቀር ምንም ነውር አልተገኘባቸውም። በሦስተኛው ጥቅል ግን ከላይ ያሉት ሰባትና ከታች ያሉት አሥር ብሮች ደኅና ሲሆኑ፣ በመካከላቸው አንድ የተበሳና ቀዳዳው የተደፈነ፣ አንድ የማርያ ቴሬዛ መልክ የሌለው፣ አንድ ደግሞ ጭራሹን ብር ያልሆነ ወጣ።

አክስቴ ወዲያው «ቁልፉ ከማን ዘንድ እንደ ነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አሉ። ቁልፉ የነበረው ከአጎቴ ዘንድ ነው። አጎቴ ምንም ሳይመልሱ ጋቢያቸውን አንሥተው ወጡ። ሽማግሎቹም ነገሩን ለሌላ ቀን ቀጠሩት። ሦስቱ ብሮች ምን እንደ ሆኑ እንዳጣራ የታዘዝሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚማር ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ስለሚታሰብ ነበር።

አስቀድሞ የብሩን ጠባይ ማስታወስ ይገባል። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ሲሆን፣ ብሩ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ዓመትና አገር ቢቀረጽ ያንኑ 1780 የሚለውን ቁጥር እንደ ያዘ ቀርቷል። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሽርፍራፊ ነው፤ ከ1,000 እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። በአገሩ በኦስትሪያ ሕጋዊ መገበያያነቱ በ1858 ቢቀርም፣ ለቀይ ባሕር ንግድ ሲባል መቀረጹ አልቆመም። በአገራችን ጠገራ ብር ወይም የሴት ብር ይባል ነበር። ብር የሚለው የማዕድን ስም የገንዘብ ስም ሆኖ እስከ ዛሬ የቀረው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ በ1945 መንግሥት አዲሱን ገንዘብ ሲያወጣ በእንግሊዝኛ ዶላር ቢለውም ሕዝቡ በአማርኛ ያው ብር ነበር የሚለው።

እንግዲህ 1,000 ብር ከ28 ኪሎ በላይ ይመዝናል ማለት ነው። ይህን ያህል ብር የሚቀበል ነጋዴ እያንዳንዱን አንሥቶ ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ልመርምር ቢል ቀኑ ይመሽበታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ተጓዦች ግን ሕዝቡ ይህንኑ ያደርግ እንደ ነበረ በመገረም፣ አንዳንዴም በመማረር ጽፈዋል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1963 ስለዚሁ ብር ባወጡት ጥናት ከእነዚህ የተጓዦች ጽሑፎች ብዙውን ሰብስበዋል። ተቀባዩ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ያሉት ነጠብጣቦች ጎልተው መታየታቸውን ያያል፤ ከምስሏም በታች ያሉትን ኤስና ኤፍ የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልጋል። ፊደላቱ ብሩ መጀመሪያ በተቀረጸበት በጒንስቡርግ ከተማ የነበሩት የሁለት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው፤ የገበያው ሰው ግን ይህን ሳያውቅ የእውነተኛነት ምልክት አድርጎ ይዟቸዋል። ከነጠብጣቦቹ ጥቂቱ ጠፍቶ ወይም ፊደላቱ ተፍቀው ቢገኙ፣ ብሩ ሙሉ ክብደት ቢኖረውም እንኳ «አይሄድም» ተብሎ ይመለሳል።

ይህን ጥንቃቄ የውጭ ሰዎቹ እንደ ግትርነት ቈጥረውታል። እኔ አልስማማም። ሚዛን የሌለው፣ ማንበብ የማይችል፣ ቢታለል የሚከስስበት ዳኛ ሩቅ የሆነ ገበሬ አንድ ወይፈን ሸጦ የሚወስደው ነገር ቢኖር ያንን ክብ ብረት ብቻ ነው። እርሱ ራሱ ብሩ እውነተኛ መሆኑን ቢያምን በቂ አይደለም፤ በሚቀጥለው ገበያ የሚቀበለውም ሰው ማመን አለበት። ስለዚህ የሚመረምረው ብሩን ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ተቀባይ ዐይን ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

ጥቅል የሚባለው ነገር የመጣው ይህን ድካም ለመቀነስ ነው። ተቈጥሮና ተመርምሮ የታሰረ ጥቅል በሚተማመኑ ሰዎች መካከል ሳይፈታ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ተቀባዩ ከሁለቱ ጫፍ ያሉትን ብሮች ያያል፣ ጥቅሉን በእጁ ይመዝናል፣ ይወስዳል። መጥፎ ብር ያለው ሰው የት እንደሚያኖረው ከዚህ በኋላ መናገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሦስቱ ብሮች እመለሳለሁ። የተበሳው ብር ብዙ አያነጋግርም። ብር በአንገት የሚንጠለጠል ጌጥም ነበር፤ በችግር ጊዜ ከአንገት ወርዶ ወደ ገበያ ይመለሳል። የተበሳ ብር ግን ወይ በቅናሽ ይሄዳል ወይ አይሄድም፤ ስለዚህ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ወይም በእርሳስ ደፍኖና ፍቆ ማሳለፍ የታወቀ ዘዴ ነው። በእኛው ብር ላይ ድፍኑ ከንግሥቲቱ መጋረጃ በላይ በግልጽ ይታያል። የአንዲት ሴት አንገት ጌጥ እንደ ነበረ ማሰብ እንጂ ሌላ የምለው የለኝም።

ሁለተኛው ብር ብዙ ያስተምራል። በሩቁ ለሚያየው ማርያ ቴሬዛን ይመስላል፤ ወደ ቀኝ የዞረች ሴት አለችበት፣ በጀርባውም ንስር አለ። ነገር ግን ጽሑፉ በላቲን የኢጣሊያ መንግሥት ይላል፤ ዓመቱም 1918 ነው። በጀርባው ያለው ጽሑፍ ደግሞ ብሩ ለኤርትራ ንግድ ምቾት የተቀረጸ መሆኑን ይናገራል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ኢጣሊያ በ1915 ከኦስትሪያ ጋር ጦርነት በገጠመች ጊዜ ማርያ ቴሬዛ ከሚቀረጽበት ከቪየና ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ፤ የኤርትራ ቅኝ ግዛት ንግድ ግን ያለዚያ ብር አይንቀሳቀስም ነበር። ስለዚህ በሮማ የሚገኘው የመንግሥት ገንዘብ ማተሚያ በክብደትም በመጠንም ከማርያ ቴሬዛ ጋር የሚስተካከል ብር ቀረጸ፤ ሴቲቱንም ሆን ብሎ እንድትመስላት አደረጋት።

ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ነጠብጣቦቹን መቍጠር የለመደ ዐይን አንድ ጊዜ አይቶ መለሰው። ይህ ለኢጣሊያ የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ ከ1890 ጀምሮ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ የያዘ ታሌሮ ለኤርትራ አስቀርጻ ነበርና። ያኛው ከ1,000 እጅ 800 እጅ ብር ብቻ ስለ ነበረበት የሕዝቡ ጥርጣሬ መሠረት ነበረው። በ1918ቱ ላይ ግን ይህ ምክንያት አልነበረም፤ የብሩ ንጽሕና ከማርያ ቴሬዛ አያንስም።

እዚህ ላይ በተለይ ኢኮኖሚክስ የሚማሩ ጓደኞቼ እንዲያስተውሉልኝ የምሻው ነገር አለ። ያው የሮማ ማተሚያ በ1935 ከቪየና የማርያ ቴሬዛን እውነተኛ ቅርጽ ተቀብሎ 1780 የሚል ብር መሥራት ጀመረ። ኢትዮጵያን ለመውረር የምትዘጋጅ አገር የሠራችው ያ ብር በገበያ ያለ ችግር ሄደ። በአንድ ከተማ የተሠሩ፣ አንድ ክብደት ያላቸው ሁለት ብሮች ናቸው፤ እውነተኛ ስሙንና ዓመቱን የተናገረው ተጣለ፣ የሌላ ስምና የሌላ ዘመን የያዘው ተወሰደ። ለንደንም በ1936፣ ብራስልስ በ1937፣ ቦምቤይም በ1940 ያንኑ ብር መቅረጽ ጀመሩ። በ1940 መጨረሻና በ1941 በጎጃም ከአርበኞች ጋር የተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር በግመልና በበቅሎ ጭኖ ያመጣው ብር ከዚሁ ወገን ነው። ወረቀቱን የኢጣሊያ ሊሬ ገበሬው አልፈልግም ባለበት ሰዓት ይህ ብር እህልና አገልግሎት ይገዛ ነበር። ስለዚህ በሣጥናችን ከተገኙት 57 «ደኅና» ብሮች መካከል ምን ያህሉ በኦስትሪያ እንደ ተሠሩ በ1780 ቁጥር መፍረድ አይቻልም። አክስቴ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ሁሉም ሐሰት ነው በለኛ!» ብለውኛል። ሐሰት አይደሉም፤ በሁሉም ውስጥ ያለው ብር አንድ ነው።

የአገራችን መንግሥትም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 በፓሪስ ያስቀረጹት ብር ከማርያ ቴሬዛ ጋር እኩል እንዲሄድ ታውጆ ነበር፤ ክብደቱም ንጽሕናውም አያንስም። ሆኖም ከአዲስ አበባ በራቁ ገበያዎች ባላገሩ የንጉሠ ነገሥቱን አንበሳ ትቶ የሟቿን ንግሥት ነጠብጣብ ይመርጥ ነበር። አዋጅ ሁሉን ነገር ሊያደርግ እንደሚችል ለሚያስቡ ሰዎች ይህ መልካም ምሳሌ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ብር ያለ ጥርጥር ሐሰተኛ ነው። በከተማ ወዳለ ወርቅ ሠሪ ወሰድሁት። አንድ ደኅና ብርና ይህንን እያከታተለ በድንጋይ ላይ ጣላቸው፤ የመጀመሪያው እንደ ቃጭል ጠርቶ ድምፁ ቆየ፣ ሁለተኛው ግን ጥፍ ብሎ ዝም አለ። በሚዛን ላይ ሲወጣ 23 ግራም ሆነ። ቆርቆሮ ከብር በጣም የቀለለ፣ እርሳስ ደግሞ ከብር ጥቂት የከበደ ስለሆነ፣ ሁለቱን የሚያቀልጥ ሰው ክብደቱን እንደ ፈለገ ሊያቀራርብ ይችላል። የኛው ሠሪ ግን እርሳሱን ቆጥቧል። ሙሉ ጥቅሉ ሲመዘን 552 ግራም ነበር፤ ያልተነካ 20 ብር 561 ግራም መሆን አለበት። ዘጠኝ ግራም በእጅ ለሚመዝን ሰው አይታወቅም፤ ደኅናዎቹ ብሮችም በመተሻሸት ጥቂት ይቀልላሉ።

ሐሰቱን ከድምፁ ይልቅ የገለጠው ጠርዙ ነው። በእውነተኛው ብር ጠርዝ ዙሪያ በላቲን «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል የንግሥቲቱ መፈክር ከጌጥ ጋር ወጣ ብሎ ተጽፏል። ይህ በመሣሪያ ኃይል የሚሠራ ነው፤ አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ የሚያፈስ ሰው ፊቱንና ጀርባውን ቢያስመስል እንኳ ጠርዙን ለማውጣት ይቸግረዋል። በእኛው ብር ጠርዝ ላይ ሁለቱ የቅርጹ ክፍሎች የተገናኙበት መስመር በፋይል ተፍቆ ይታያል፤ ፍትሕም ርኅራኄም አልተጻፈበትም።

አጎቴን ነጻ ያወጣቸውም ይኸው ብር ነው። እርሳስ ያለበት ብረት በእንጨት ሣጥን ውስጥ ብዙ ዘመን ሲቀመጥ ከእንጨቱ በሚወጣው እንፋሎት እየተበላ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ከሐሰተኛው ብር በላይና በታች የነበሩትን ሁለት ብሮች ስመለከት ይህ ነጭ ነገር ፊታቸው ላይ እንደ ክብ ማኅተም ደርቆ ተጣብቋል። ወርቅ ሠሪው በጥፍሩ ሊፍቀው ሞክሮ አልለቀቀውም። እንዲህ ያለው ነገር በወራት ውስጥ አይሆንም። አጎቴ ቁልፉን የያዙት ደግሞ አያቴ ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ፣ ማለት ከአራት ዓመት አይበልጥም። እንግዲህ ሐሰተኛው ብር በዚያ ጥቅል፣ በዚያው ቦታ፣ አጎቴ ሣጥኑን ከመንካታቸው እጅግ አስቀድሞ ነበረ።

በክፍል ውስጥ የምንማረው የግሬሻም ሕግ መጥፎ ገንዘብ ደኅናውን ከገበያ ያስወጣል ይላል፤ ሰዎች ደኅናውን በቤታቸው እያስቀመጡ መጥፎውን ያወጣሉና። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ተቀባዩ ሁለቱንም በእኩል ዋጋ እንዲቀበል ሕግ ሲያስገድደው ነው። አስገዳጅ በሌለበት፣ እያንዳንዱ ብር በእጅ በሚመረመርበት ገበያ ነገሩ ይገለበጣል። ደኅናው ብር ይሄዳል፤ መጥፎው የተታለለው ሰው ቤት ቁጭ ይላል። ሲመረመር ያመለጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛ ላያመልጥ ይችላል። በአሞሌም ዘመን ቢሆን የተሰበረው ጨው ዋጋው ወድቆ በመጨረሻ ወደ ወጥ የሚገባው በያዘው ሰው ኪሳራ ነበር። ጨው ግን ቢያንስ ይበላል። እንግዲህ ከአሮጌ ሣጥኖች የሚወጡ ጥቅሎችን ስናይ ያዩት ሰዎች ሀብት ብቻ አድርገን መገመት አይገባንም፤ ከፊሉ ማውጣት ያልቻሉት ዕዳ ነው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍሁትን ለሽማግሎቹ ባስረዳሁ ጊዜ ደስ አላቸው። አክስቴም አጎቴን ይቅርታ ጠየቁ። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ለእኔም መልካም ነበር። ነገር ግን ጥቅሎቹ የታሰሩበትን ጨርቅና ክር ሳልመረምር ጥናቱን መዝጋት ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

ሁለቱ ደኅና ጥቅሎች የታሰሩት ጥለት ባለው የቤት ፈትል ጨርቅ ሲሆን፣ ጥለቱ የአያቴ አማት ከሸመኑት አሮጌ ቡልኮ ጠርዝ ጋር አንድ ነው። ሦስተኛው ጥቅል ግን የታሰረው በአቡጀዲ ነው። ይህም ጥቅሉ ከውጭ፣ ምናልባትም ከነጋዴ፣ እንደ ታሰረ ወደ ቤታችን የገባ መሆኑን ያሳያል። በውስጡ የ1918 ብር ስላለ ከዚያ ዓመት በፊት አልታሰረም። ቅድመ አያቶቼ ማርና በቅሎ ይሸጡ እንደ ነበረ ስለሚነገር፣ የአንዱ ሽያጭ ዋጋ እንደ ነበረ መገመት ይቻላል። እንዲህ ከሆነ ተታልለዋል።

ክሩ ግን ሌላ ነገር ይላል። ሦስቱም ጥቅሎች የታሰሩት በአንድ ዐይነት ሰማያዊ ክር ነው፤ ቋጠሮውም በሦስቱም ላይ አንድ ሲሆን፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ በመካከል የሚያልፍ ነው። በአቡጀዲው ላይ ከሰማያዊው ክር ጎን የቀድሞ ማሰሪያ የጫነው ጠባብ ምልክት አለ። እንግዲህ ከቤተ ሰባችን አንድ ሰው ያንን ጥቅል ፈትቷል፣ ሦስቱን ብሮች አይቷል፣ መልሶም ሰባቱን ከላይ አሥሩን ከታች አድርጎ፣ እነዚያን በመካከል ትቶ በቤቱ ክር አስሯል። መጥፎዎቹን ለይቶ ለብቻ አላስቀመጠም። ወደ ነጋዴውም አልመለሰም፤ ወይም ሊመልስ ሄዶ አላገኘው ይሆናል። ሌላ ሰው ሳይፈታው እንዲወስደው ያዘጋጀው ጥቅል ይመስላል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ተለወጠና አጋጣሚው አለፈ፤ ወይም እጁ እምቢ አለው።

ይህን የመጨረሻውን ለአክስቴና ለአጎቴ ነግሬያለሁ። አጎቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «የማን ቋጠሮ እንደ ሆነ አውቃለሁ» አሉ፤ ስም ግን አልጠሩም፣ እኔም አልጠየቅሁም። 57ቱ ብሮች ለሦስት ተከፍለው ለእያንዳንዱ ወራሽ 19 ደርሷል። የ1918ቱን ወርቅ ሠሪው ለብሩ ሲል በደኅና ዋጋ ሊገዛው ቢጠይቅም ሽማግሎቹ ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር ለእኔ እንዲሰጥ ፈረዱ። ሦስቱም አሁን በአቡጀዲው ተጠቅልለው ከእኔ ዘንድ ይገኛሉ፤ ሊያያቸው የሚፈልግ ተማሪ ወይም መምህር ቢኖር ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።